አማላጅ ጭኖ መንዳት

ትራፊክን የሚለምንልዎት ሰው ጭነው ያውቃሉ? ካላወቁ ፍርሃትን ገና አላወቁትም።

ጎረቤቴን እትዬ ከድጃን ከጌጃ ሰፈር ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ስበር፣ ልደታ ጋ የፍጥነት መለኪያ የያዘ ትራፊክ አስቆመኝ። ቀርቦ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠኝ። ትራፊክ ሲያከብረኝ ለምን ይሆን የባሰ የምፈራው? መንጃ ፈቃዴን ስፈልግ ላቤ መሪው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ከተፈቀደው በላይ ፈጥነሃል» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት እትዬ ከድጃ ቀደሙኝ። «ልጄ፣ ዛሬማ እኔ ስላለሁ ቀስ ብሎ ነው የነዳው። ሌላ ቀን ብታየው ምን ልትል ነው?»

እንዲህ ያለ ጠበቃ ያለው ሰው ከሳሽ ምን ያደርግለታል? ትራፊኩ እስክሪብቶውን አወጣ። መንጃ ፈቃዴ ሲታገድ፣ ከሥራ ስባረር፣ ልጆቼ ሲበተኑ ሁሉ ታየኝ።

እትዬ ከድጃ ግን ልመናቸውን አልጨረሱም። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ማረው» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ይኼኔ፣ መንገዱን ሙሉ ሳያስሩት በእጃቸው ብቻ ይዘውት የመጡት የመኪናው ቀበቶ አምልጦ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ትራፊኩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

«በሉ እማማ፣ የፍጥነቱን ልተውለትና የቀበቶውን ልጻፍበት። እሱ ይቀለዋል» አለ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ከድጃ መኪናዬ ውስጥ በገቡ ቁጥር ቀበቶውን በእጃቸው ይይዛሉ። ለምን አያስሩትም ስላቸው በሐዘኔታ ያዩኛል።

«ታዲያ ከያዙህ በምን አስለቅቅሃለሁ?»