የፒያኖ ውሰት መመሪያ፣ አንቀጽ ዘጠኝ
ትናንት ከምሳ በኋላ ያየሁት ሕልም ነው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ፒያኖዎች ተሰልፈው ነበር። የእኛ አይደሉም፤ የውጭ ናቸው። የሆቴሉ ጥቁር ፒያኖ፣ የሰርግ አዳራሹ ነጭ ፒያኖ፣ የመዘምራኑ ፒያኖ፣ ሁሉም ክዳናቸው ሥር የድጋፍ ደብዳቤ ሸጉጠዋል። ጥበቃው ባለ ሦስት እግር የፒያኖ ወንበር ነው።

"ተራ ያዙ!" ይላል። "ሰው ለመዋስ የመጣ በቀኝ፣ ሰው ለመመለስ የመጣ በግራ!"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ፒያኖዎቹ የሚዋሱት ሰው ነው።

እኔን ኮሪደሩ ውስጥ ከግድግዳ አስጠግተው አቁመውኛል። አቧራ እንዳይነካኝ ቡናማ ጨርቅ ጣል አድርገውብኛል፤ ጀርባዬ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ጽፈዋል። የቫዮሊን መምህሩ ክፍሎምም ከጎኔ ተሸፍኖ ቆሟል።

"ጋሽ ድንበሩ፣ እርስዎንም ቆጠሩዎት?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ፒያኖ ስቃኝ ኖሬ የት እቀራለሁ?"

"እኔንማ ለሰርግ ወስደውኝ ብርጭቆ ሲያስቀምጡብኝ ዋሉ።" ጨርቁን ገለጥ አድርጎ መላጣውን አሳየኝ። ክብ ክብ ምልክት ሞልቶታል።

የሆቴሉ ፒያኖ እየተንከባለለ መጣና በመቃኛ ብረት ግንባሬን መታኝ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ወርዷል" አለ። "ወገቡ ከልኩ በታች ወርዷል። ይሄ ሰው መቼ ነው ያረፈው?"

"እሱ አያርፍም" አለ ወንበሩ። "ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚሁ ያገለግላል፣ እሑድ ለውጭ ይወጣል።"

አልዋሸም። በሕልሜም በእውኔም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሑድ። ፒያኖ በተዋሱን ቁጥር ቃኚው አብሮ ይወጣል፤ ሰርጉም፣ ምርቃቱም፣ ዝማሬውም እሑድ ነው። ባለቤቴ ጎረቤት ሲጠይቃት፣ "አለ፣ እሑድ ብቻ ነው የሌለው" ትላለች። የውጭ ቡድኖች ፒያኖዎቻችንን እንዴት ይጠቀሙ የሚለውን መመሪያ የሚያወጣ ኮሚቴ ውስጥ ሲያስገቡኝ አንዲት አንቀጽ ብቻ ይዤ ገባሁ፤ እሑድ ፒያኖ አይወጣም። አራት ጊዜ ተሰብስበናል። አንቀጼ አራቱንም ጊዜ "ይታይ" ተብላለች።

ወዲያው አዳራሹ ውስጥ ሆንኩ። ስገባ አፌን ዘግተው ቆለፉት፤ ሰውን አፉ ክፍት እንደሆነ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ፒያኖዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ የእኛዋ አሮጊት ፒያኖ ናት፤ በየክረምቱ እርጥበት ሲያሳብጣት የማስታምማት።

"አንቀጽ ስምንት" አለች። "ሰው ላይ ኬክ መቁረስ ክልክል ነው። አለቀ። አንቀጽ ዘጠኝ፤ ሰው እሑድ በውሰት አይሰጥም።"

ነጩ ፒያኖ ዘለለ። "ታዲያ ሰርጉ ላይ ማን ሊያለቅስልን ነው?"

"ራስህ አልቅስ።"

"ደግሞስ ይሄ ሽማግሌ እሑድ ቢያርፍ ምን ይሠራል? ይተኛል እንጂ!"

"ይተኛ!" አለች አሮጊቷ፣ ሁሉም አውታሮቿ እየጮኹ። "ይተኛ! ምን አገባህ?"

እንዲህ ተቆርቋሪ አግኝቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ላመሰግናት ብሞክር አፌ ተቆልፏል።

"ባለጉዳዩ ይናገር እንጂ" አለ ነጩ። "የአፉ መክፈቻ ማን ጋ ነው?"

"ንብረት ክፍል።"

"ንብረት ክፍሉስ?"

"ለቅሶ ሄዷል።"

ለቅሶ ላይ ምን ይባላል?

"እንግዲያው ራሱን በመነቅነቅ ይግለጽ" አለች ሰብሳቢዋ። "አቶ ድንበሩ፣ አንቀጽ ዘጠኝ እንደተነበበው ይጽደቅ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"በደንብ አልታየኝም" አለ ነጩ።

ደገምኩ። ሦስተኛውን ከወገቤ ነው የነቀነቅኩት። ፒያኖዎቹ ክዳናቸውን እያነሱ እየጣሉ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው አላቆም ሲል ዓይኔን ገለጥኩ። አምስተኛው ስብሰባ ላይ ነኝ። የሚያጨበጭቡት የኮሚቴው አባላት ናቸው። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ውብዓለም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ድንበሩ" አሉ። "እርስዎ አንቀጽ ዘጠኝን ይቃወማሉ ብዬ ነበር የፈራሁት።"

"ምን... ምን ነበር የተነበበው?"

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ክፍሎም ወረቀቱን አነሳ። "የውጭ ቡድኖች ፒያኖ የሚዋሱት እሑድ ብቻ ይሆናል። ቃኚው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አብሮ ይገኛል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።"

"እኔ እኮ..."

"ሦስቴ ነው የነቀነቁት" አለኝ። "ሦስተኛውንማ ጠረጴዛውን በግንባርዎ መቱት። 'በከፍተኛ ስሜት ደግፈዋል' ብዬ ይዤዋለሁ።"