የማጨጃው ፍሪሲዮን እና አምስተኛው መቀመጫ

የቤተሰብ ማሽን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ። ቦታ፦ ግቢያችን ውስጥ ያለው ጋራዥ፣ ትራክተሩ አጠገብ። ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ስለቆዩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀምሯል። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ተገኝቷል።

የተገኙ አባላት፦
1. እማዬ፣ ሰብሳቢ
2. አባዬ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
3. አጎቴ (የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ በቅጽል ስማቸው «ቀላል ነው»)፣ የቴክኒክ አማካሪ
4. እኔ፣ ተማሪ፣ ጸሐፊ

ያልተገኘች አባል፦ እህቴ፣ በቤት ስሟ «አለቃ»፣ የትራክተሩ ባለቤትና ሹፌር፣ የዚህ ኮሚቴ መሥራች። ከአራት ወር በፊት ታማ ሞታለች። ስሟ «በፈቃድ የቀሩ» ከሚለው ሥር ይግባ ወይስ «ያለ ፈቃድ የቀሩ» ከሚለው ሥር በማለት ጸሐፊው ጠይቆ፣ ሰብሳቢዋ «ፈቃድስ ማንንም አልጠየቀችም» ሲሉ መልሰዋል። ቅጣት እንዳይመዘገብባት ተወስኖ ታልፏል።

በታዛቢነት የተገኙ፦ አንድ የሆቴል አትክልተኛ። ትራክተሩን ለመግዛት በአጎቴ ተጋብዘው የመጡ ናቸው።

ስለ ምልአተ ጉባኤ

አለቃ ያወጣችው ደንብ «አምስታችንም ካልተቀመጥን ስብሰባ የለም፤ ያለዚያ አባዬና አጎቴ ተመሳጥረው ይወስናሉ» ይላል። የተቀመጥነው አራት ስለሆንን ስብሰባው ሊበተን ሲል፣ የቴክኒክ አማካሪው «ቀላል ነው፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» በማለት አትክልተኛው ለዛሬ ብቻ አባል ሆነው እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቅርበዋል። የተቃወመ ስላልነበረ አትክልተኛው አለቃ ስትቀመጥበት በነበረው የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ከሞተች ወዲህ ባልዲው ላይ እስከዚያ ሰዓት ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

አጀንዳ 1፦ ፍሪሲዮኑ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ለመዝገቡ ያህል፦ ትራክተሩ ሲገዛም ያገለገለ ነበር። የሣር ማጨጃው ከኋላው ይጎተታል። በሁለቱ መካከል ተንሸራታች ፍሪሲዮን አለ፤ ይኸውም በሞላና በብሎን ተጣብቀው የሚሽከረከሩ ዲስኮች ማለት ነው። ስለቱ ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲመታ ዲስኮቹ ተንሸራተው ይለቁታል። ካልለቀቁት ካምቢዮው ይሰበራል። አለቃ «የዚህ ዕቃ ሥራው መሸነፍ ነው» ትል ነበር። ኮሚቴው ይህን ጠባይ ያለው አባል በመካከሉ እንደሌለ ተገንዝቧል።

የቴክኒክ አማካሪው ባቀረቡት ሪፖርት፣ ባለፈው ቅዳሜ አለቃ በቋሚነት ታጭደው የነበረውን የትምህርት ቤት ሜዳ ለማጨድ መሞከራቸውን ገልጸዋል። ሣሩ ረዝሞ ኳስ የሚውጥበት ደረጃ ላይ ደርሷል። አለቃ በቁመቷ ልክ ወደ ፊት የሳበችውን የትራክተሩን መቀመጫ ወደ ኋላ መግፋት በሰብሳቢዋ ስለተከለከለ፣ አማካሪው ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ነው የነዱት። ስለቱ ጉቶ መታ፤ ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም፤ ትራክተሩ ዘለለ፤ አማካሪውም ከትራክተሩ ተነስተው ጎል ገብተዋል።

አማካሪው «ጎል አልገባሁም፣ መረቡን ነው የተደገፍኩት» ሲሉ እርማት ጠይቀዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው በበኩላቸው ሜዳው ከተሠራ ወዲህ ያለ ክርክር የጸደቀ ብቸኛው ጎል መሆኑን አስታውሰዋል። እርማቱ አልተፈቀደም።

በመቀጠል ሐሳቦች ቀርበዋል። አማካሪው ዲስኮቹ እርስ በርሳቸው እንዲበየዱ ጠይቀዋል፤ «ቀላል ነው፣ የማይንቀሳቀስ ነገር አይበላሽም።» ሌላ ጉቶ ሲመታስ ተብለው ሲጠየቁ፣ ጉቶ የሌለበት ቦታ ብቻ እንደሚታጨድ አስረድተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ የሳሎናችን ምንጣፍ ብቻ መሆኑን ሰብሳቢዋ ጠቁመዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው አዲስ ፍሪሲዮን እንዲገዛ አሳስበዋል። አትክልተኛው እጃቸውን ሳያወጡ «እኔ እንዳለ እወስደዋለሁ» ብለው፣ እጅ አውጥተው እንዲደግሙት ተደርጓል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፍሪሲዮኑ በአዲስ እንዲቀየር ተወስኗል። የውይይቱ አብዛኛው ክፍል የዛሬ ሦስት ዓመት የውሃ ፓምፑን ማን አበላሸ የሚል ሲሆን፣ ከአጀንዳው ጋር ያለው ግንኙነት አልተገለጸም።

አጀንዳ 2፦ የትራክተሩ ሽያጭ

የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋራዡ ለመኪና ስለሚፈለግ ትራክተሩ እንዲሸጥ ጠይቀዋል። አማካሪው «ጋሼ፣ መኪና አለዎት እንዴ?» ሲሉ፣ ኃላፊው ወደፊት ሊኖራቸው እንደሚችል መልሰዋል። «መንጃ ፈቃድስ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ጥያቄው ነገር ፍለጋ መሆኑን ገልጸዋል። ሰብሳቢዋ «አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ተናገር» ባሏቸው ጊዜ ግን፣ ከኩሽናው መስኮት ያ ወደ ፊት የተሳበ መቀመጫ እንደሚታያቸውና ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ሳይጨርሱ እንደሚነሱ አስረድተዋል። መነጽራቸውንም አውልቀው ጠርገዋል።

ጸሐፊው ሽያጩን ተቃውሟል። አለቃ ክረምቱ ሲያልፍ መንዳት ልታስተምረው ቃል ገብታለት እንደነበር፣ ትራክተሩ ከተሸጠ ግን የሚማርበት ብቻ ሳይሆን ከእሷ የሚቀረው ነገር እንደማይኖር አስመዝግቧል። የንብረት ክፍል ኃላፊው «አንተ ልጅ፣ ፈተናህን አጥና፤ እግርህ ገና ፔዳሉ ላይ አይደርስም» ብለዋል።

ድምፅ ተሰጥቷል። ድጋፍ፦ የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ የቴክኒክ አማካሪውና ራሳቸው ገዢው። ተቃውሞ፦ ጸሐፊው። ሰብሳቢዋ ባልዲውን ሲመለከቱ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተይዞላቸዋል።

በመሆኑም ትራክተሩ ከማጨጃው ጋር ለአትክልተኛው እንዲሸጥ ተወስኗል። ፍሪሲዮኑ ይቀየር የሚለው የአጀንዳ 1 ውሳኔ ስለማያስፈልግ ተሰርዟል። አዲስ ፍሪሲዮን ለገዢው በምርቃት ይጨመር የሚለው ሐሳብ አንድ የድጋፍ ድምፅ ብቻ አግኝቶ ወድቋል። ደጋፊው ገዢው ናቸው።

አጀንዳ 3፦ ርክክብ

ለገዢው መሰጠት ያለበት የብሎን መፍቻ በሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ታጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊው እዚያ እንደሰቀሉት ሲምሉ፣ ሰብሳቢዋ መስኮቱ ላይ እንዳስቀመጡት፣ አማካሪው ደግሞ ኋላ ኪሳቸው ውስጥ እንደነበር ተናግረዋል። መፍቻው አማካሪው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። መፍቻውን ማን ለምን እንደነካው ግን ማንም አላብራራም።

በዚህ መሃል አማካሪው ጎንበስ ብለው ፍሪሲዮኑን ካዩ በኋላ፣ ብሎኖቹ በሙሉ እስከ መጨረሻ ተጠብቀው ሞላዎቹ ተጨፍልቀው እንዳሉ አሳውቀዋል። አለቃ በሞላው ጥምዝ መካከል ትንሿ ጣቷ የምትገባበት ክፍተት ታስቀር ነበር። «ይኼ ዝገት ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው ያጠበቀው» ብለዋል።

ጥርጣሬው ሐሙስ ዕለት ትራክተሩን ሊያዩ በመጡት አትክልተኛ ላይ አረፈ። አትክልተኛው ባልዲው ላይ እንዳሉ «ሥራ ፈትቼ ነው እንዴ ሰው ግቢ ገብቼ ብሎን የማጠብቀው?» ሲሉ ቅሬታቸውን አሰምተዋል።

ሰብሳቢዋ አባላት ሰውየውን እንዲተዉ አዘዙ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አለቃ መፍቻውን ይዛ ስትገባ ከጀርባዋ አያት ነበር። ሥራዋ እንዳይቋረጥ ብዬ፣ ቅዳሜ ሲሆን ትንሽ አጠብቅላታለሁ። ትንሽ ነው፤ አቅሜን ታውቁታላችሁ።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ እሳቸውም እሁድ እሁድ፣ ሰው ሳይነሳ፣ እንዲሁ ማድረጋቸውን ገለጹ። የቴክኒክ አማካሪው «እኔ እንኳ በመጣሁ ቁጥር አልነበረም» ብለው ጀምረው፣ በመጡ ቁጥር እንደነበር አመኑ። ጸሐፊው ነክቶ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ቃለ ጉባኤ እየያዘ ስለሆነ መልስ ለመስጠት እንደማይመቸው አስታውቋል።



ከዚያ ሰብሳቢዋ «ታዲያ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ነበር የምታደርገው?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው፣ አለቃ ብሎኖቹን ታላላ እንደነበር፣ ዝገት እንዳያጣብቃቸው ዲስኮቹን ጥቂት አንሸራትታ በልካቸው ትመልሳቸው እንደነበር አስረዳ። ሰብሳቢዋ «እኛ ደግሞ አንቀን ያዝነው» አሉ። አማካሪው ቀላል ነው አላሉም፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አማካሪው ብሎኖቹን አላልተው ዲስኮቹን ለማንሸራተት ሞተሩን ሊያስነሱ ሲሉ፣ ሰብሳቢዋ ፍሪሲዮኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ዲስኮቹ ላይ አለቃ በቀይ የጥፍር ቀለም የሳለችው ቀጥ ያለ መስመር አለ። ዲስኮቹ ከተንሸራተቱ መስመሩ ይቆረጣል። ሰብሳቢዋ «ይህ የልጄ እጅ ነው። ማንም አይነካውም» በማለት አቋማቸውን ግልጽ አድርገዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሊያባብሏቸው ሞክረው፣ ወደ መቀመጫቸው እንዲመለሱ ተነግሯቸዋል።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ እንደ አባል ለመናገር ከራሱ ፈቃድ አገኘ። «እማዬ፣ እንዲቆረጥ ብላ ነው የምትስለው» አለ። «ሲቆረጥ ደስ ይላት ነበር። ጠርጋ እንደገና ትስለዋለች። ሳይቆረጥ ከቀረ ነው የምትሳደበው።»

ሰብሳቢዋ «ምን ብላ?» አሉ።

ጸሐፊው ስድቡን ተናግሯል፤ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር አይደለም። ሰብሳቢዋ ሳቁ። ሳቃቸው ሳይቋረጥ እንባቸው መጣ፤ እጃቸውንም አነሱ። ለወንድማቸውም «አስነሳው» አሏቸው።

ሞተሩ ተነሳ። ማጨጃው ለአፍታ ከሞተሩ ጋር ተያያዘ፤ ከዲስኮቹ ጭስ ወጣ፤ አማካሪው ሞተሩን አጠፉት። ሁሉም አባላት ጎንበስ ብለው ሲያዩ መስመሩ ሁለት ቦታ ሆኗል። ፍሪሲዮኑ ደህና ነው።

ሰብሳቢዋ ቤት ገብተው የአለቃን የጥፍር ቀለምና ማስለቀቂያውን ይዘው ተመለሱ። አሮጌውን መስመር ማስለቀቂያ በነከሩት የቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አዲስ ሳሉ። የንብረት ክፍል ኃላፊው መስመሩ ጠማማ መሆኑን ተናግረው፣ ንግግራቸውን እንዲያነሱ ተገድደዋል።

ማጠቃለያ

የንብረት ክፍል ኃላፊው አዲሱን መስመር ብዙ ካዩ በኋላ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አሉ። ወደ አትክልተኛው ዞረውም «ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባልዲው ባለቤት አለው» ብለዋል። አትክልተኛው ተነስተው ባልዲውን በእጃቸው አራግፈዋል። ስለ ሽያጩ ሲጠይቁም፣ ኮሚቴው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ መልስ የመስጠት ሥልጣን እንደሌለው ተነግሯቸው፣ ሻይ ተጋብዘዋል።

ስለዚህ የሚከተለው በአንድ ድምፅ ተወስኗል፦

አምስታችን ስላልተቀመጥን ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ መቀየሩም፣ የመቀየሩ መሰረዝም፣ ሽያጩም፣ ምርቃቱን መከልከሉም፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ወደፊትም አምስት ስለማንሆን ኮሚቴው ከእንግዲህ ምንም ነገር መወሰን አይችልም፤ ትራክተሩንም ሊሸጠው አይችልም።

አማካሪው «እንደዚያ ከሆነ ይኼም ውሳኔ አይጸናም እኮ» ብለው፣ በእህታቸው «አንተ፣ ዝም በል» ተብለዋል። ውሳኔው ጸንቷል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢዋ የመዝጊያ ንግግር አድርገዋል፤ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ጸሐፊው ምን እንዳሉ አልሰማም። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ትራክተሩ ላይ ነበር። እግሩ ፔዳሉ ላይ ደርሷል። መቀመጫውን መንካት አላስፈለገም።