በበቅሎ የወጣሁ ዕለት

ስለ ሹመት ሰው ሁሉ ያወራል። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ሊሾም ነው እየተባለ ለቅሶ ቤትም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይወራል። ሹሙ ከተሾመ በኋላ እራቱን ከማን ጋር እንደሚበላ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ብቻውን ነው የሚበላው። አንቺ ከየት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ እኔም በጊዜዬ ንግሥት ነበርኩ። አትሳቁ። ዘውድ ደፍቼ፣ በተሸለመች በቅሎ ተቀምጬ ሞላሌ ገበያ መሐል የዞርኩ ንግሥት ነኝ። ዘመነ መንግሥቴ ገበያው ሲሞቅ ጀምሮ ለምሳ ሰው ሲበተን አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ የተሻረ ሹም ኑሮ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ በቅሎ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በእኛ በመንዝ ሴት ልጅ በቅሎ ላይ መቀመጧ ብርቅ አይደለም። የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ተከፍቶ ማጨድ ሲፈቀድ እኔ ራሴ በአባቴ በቅሎ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። በተሸለመች በቅሎ መውጣት ግን ሌላ ነው። ግላስ የሚሉትን የጌጥ ልብስ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ መርገፉ እየተወዛወዘ በምትሄድ በቅሎ ሴት ልጅ የምትወጣው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ፣ የተዳረች ዕለት ነው። ያን ዕለት እልል ይባልላታል፣ ሚዜ ልጓም ይይዝላታል፣ አገር ወጥቶ ያያታል። ባሏ ሞቶባት ወይም ተፋትታ ዳግመኛ ብታገባ በእግሯ ትሄዳለች። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው የለም። ስላልተጻፈም የሚሽረው ሰው አልተገኘም።

እኔም በበቅሎ ልወጣ ተቃርቤ ነበር። ለደምሴ ታጭቼ፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ፣ ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ጣልያን ገባና ደምሴ ከአርበኞች ጋር ወደ ጀማ በረሃ ወረደ። ሲሰናበተኝ እጄን እንኳ አልያዘም፤ ያኔ እንዲያ አይደረግም። «ስመለስ በበቅሎ ነው የምወስድሽ፤ ጠብቂኝ» አለኝ። እኔም መጠበቁን ያዝኩ። የበግ ጠጉር እየፈተልኩ፣ ለቤታችን የሚሆን ባና፣ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ አዘጋጅ ነበር። መጠበቅ ሥራ ሲኖረው አይከብድም።

ጣልያን ሞላሌ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከሰነበተ በኋላ ገበያው ሞተ። ወንዱ በረሃ ነው፤ የቀረው ደግሞ በጉን ይዞ ወደ ምሽጉ መጠጋት አይፈልግም። የጣልያኑ ሹም ገበያው ለምን እንደሞተ መጠየቁን ትቶ እንዴት እንደሚሞቅ ማሰብ ጀመረ። በአገሩ እንዲህ ያለ ጊዜ ትልቅ የገበያ በዓል ይደረጋል አሉ። የሰባ በግ ይሸለማል፣ ፈረስ ይጋለባል፣ ልጃገረዶችም የበዓሉ ንግሥቶች ተብለው ዘውድ ደፍተው በፈረስ ይዞራሉ። ደግ ነው፤ በአገሩ ቢያደርገው ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

ጭቃ ሹሙ እያለከለከ ቤታችን መጣ። አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «መምሬ፣ ምን ላድርግ?» አላቸው። «ከሰፈራችሁ ልጃገረዶች ካልመጡ በጎቻችሁን በሙሉ እነዳለሁ ብሎኛል ጣልያኑ።» በእኛ ብርድ በግ ማለት ምግብም ልብስም ነው። ከታሰቡት ልጃገረዶች አንዷን ቤተሰቦቿ መርሐ ቤቴ አጎቷ ዘንድ ላኳት። ሌላዋ ድንገት ታመመች፤ በሽታው የለቀቃት የበዓሉ ማግሥት ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ሞላ። «የሺዬ፣ ለአንድ ቀን ነው፤ ምንሽ ይጎድላል? ውለታሽን አንረሳም» አሉኝ። አባቴ ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና ጠመጠሙና እኔን አዩኝ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። «የምቀመጠው በምንድን ነው?»

«በፈረስ ነው» አለ ጭቃ ሹሙ።

በፈረስ ከሆነስ እሺ አልኩ። በፈረስ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። ገበያው ስንደርስ ግን የተመረጠው ፈረስ ከጥሩምባው ድምፅ በርግጎ ሰው አያስጠጋም። የጣልያኑ ሹም የእኔ መውደቅ አሳስቦት ይሁን የበዓሉ መበላሸት፣ ከምሽጉ አንዲት በቅሎ አስመጣ። ከየትኛው ባላባት ቤት እንደተዘረፈች እንጃ፣ ባለ ጥልፍ ግላስ፣ ባለ ብር መርገፍ፣ ሙሽራ መሆን የምታስመኝ በቅሎ ናት። ሰውየው ደስ ብሎታል፤ ከፈረሱ የተሻለ ያመጣልኝ መስሎታል። አልወጣም ለማለት አፌን ስከፍት ከምሽጉ በር አጠገብ አባቴን በባንዳዎች መሐል ተይዘው ቆመው አየኋቸው። ወጣሁ። ከቤንዚን ጣሳ የተቆረጠ የቆርቆሮ ዘውድ ራሴ ላይ ደፉልኝ።

ገበያው ዝም አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ በቅሎዋን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መልሶ መሬት ያያል። የኮርቻውን ራስ አንቄ ይዤ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ዞርኩ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች።

አክስቴ ናት። እትዬ ብዙነሽ፣ እናቴ ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ።

አንዴ እልልታ ከተነሣ እኛ አገር ማን ያቆመዋል? ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። የተሸለመች በቅሎ፣ የተቀመጠች ልጃገረድ፣ እልልታ፤ አፍ የለመደውን ያውቃል። ከወዲያ በኩል የሙሽራ ዘፈን የጀመሩም ነበሩ። የጣልያኑ ሹም ለመንግሥቱ የተደረገ መስሎት ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣል። በቅሎዋ ከእልልታው የተነሣ መቁነጥነጥ ስትጀምር ደግሞ እንዳትጥለኝ ብሎ ልጓሟን ያዘ። በእኛ ደንብ ልጓም የሚይዝ ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ያን ዕለት በጎቹ ተረፉ። እኔ ግን ገበያው ሳይበተን ተድሬ ነበር። ለማን? እዚህ ላይ አገሩ ተቸገረ። «ሚዜው የጣልያኑ ሹም ከሆነ ሙሽራውማ የሮማው ንጉሥ ነው» አለች አንዷ ቀልደኛ፣ ሌላው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ቀልዱ እንደ ቁም ነገር ቀረ። ሮማ ያለው ባሌ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደርሽ ሳይለኝ እነሆ አረጀሁ።

ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም፤ ይህን እውነቱን ልናገር። ምንጭ ስወርድ እንስራቸውን አንሥተው ገለል ይላሉ። «ንግሥት ትቅዳ» ይላሉ፣ በአክብሮት። ቀድቼ እስክሄድ ማንም አይጠጋም። ድሮ ተራ እየጠበቅን ስንት ወሬ እናወራ ነበር! አብረውኝ ይፈትሉ የነበሩ ልጆችም ደጄን እያለፉ ሌላ ቤት መፍተል ጀመሩ። እንዝርቴ ስትሽከረከር ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር። ገለል የሚልልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ?

አክስቴን ጠየቅኳት። «ለምን እልል አልሽ?»

አለቀሰች። «ዝም ሲሉሽ ጊዜ ጨነቀኝ፤ ልጄ በበቅሎ ወጥታ ዝም ትባል?» አለችኝ። ዘውዱን ወስዳ አይጥ የበሳውን የጎተራ ቀዳዳ ደፈነችበት። እስከ ዛሬ አለ።

ሰንብቶ የደምሴ አባት መጡ። «መምሬ፣ በልጅዎ ክፉ አልናገርም። ስለ በጎቻችን ብላ ነው፤ የእኔም በጎች አሉበት። ግን እልል ለተባለላት ልጅ መልሼ እልል አላስብልም። ልጄ በሕይወት ከተመለሰ በእግሯ ትምጣ።»

«ለመሆኑ ማንን ነው ያገባችው?» አሉ አባቴ።

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው መውጣቷን ነው።»

ጣልያን ለቆ ሲሄድ ደምሴ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ከስቶ ተመለሰ። ደጃችን ቆሞ አየሁት። ነገሩን ሁሉ ሰምቷል። «እኔ ግድ የለኝም የሺ» አለኝ። «ሲመሽ መጥቼ በጓሮ በኩል ልውሰድሽ። አባቴን ቀስ ብዬ አሳምናቸዋለሁ።»

«በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋን ተያት።»

«ጠብቂኝ ያልከኝ በበቅሎ ልትወስደኝ ነው። አገር እያየ ለእነሱ በጎች ወጥቼ፣ ለራሴ በጓሮ አልሄድም» አልኩት።

እኮራለሁ በዚህ ቃሌ። ክረምት ሲገባና ቤቱ ሲበርድ ግን ኩራቴ ይቀንሳል። ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ብዙ ጊዜ ጠበቅኩ። ይህኛው መጠበቅ ከበደኝ፤ ባናው ተሠርቶ አልቋል።

በኋላ ደምሴ ሌላ አገባ። የሠርጉ መንገድ በደጄ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖር ያንን በመረጡ። እኔም ገብቼ ልደበቅ አልኩና እግሬ እምቢ አለኝ። ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ደጄ ሲደርሱ ግን ሁሉም አየኝና ዘፈኑ ተቆረጠ። ለእኔ አዝነው ነው፤ አዝነው ነበር እኮ። ደምሴ አቀርቅሯል። በዚያ ዝምታ መሐል የምትሰማው በቅሎዋ ብቻ ናት። ሙሽራዋ ፊቷ ተሸፍኗል፤ ከኩታዋ ሥር የሚታየው እጇ ነው። ትንሽ እጅ፣ የኮርቻውን ራስ አንቆ ይዟል። ያቺ ልጅ ምን አጠፋች?

እልል አልኩ።

እናንተዬ፣ እንደዚያ አድርጌ እልል ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር። ሴቱ ተቀበለኝ፣ ዘፈኑ ተነሣ፣ በቅሎዋ አለፈች። ሁሉም፣ አባቴም በቄስነታቸው፣ ሙሽራዋን ተከትሎ ሄደና ደጄ ላይ አቧራው ብቻ ቀረ። ሲመሻሽ ከሠርጉ ቤት ድርሻዬን ላኩልኝ፤ ውለታዬን አልረሱም። የበግ ወጥ ነው፤ ያኔ ከተረፉት በጎች የተወለደ ሙክት መሆን አለበት። ጣፋጭ ነበር። በሩን ዘጋሁና ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ከማን ጋር እንደሆነ መጀመሪያውኑ ነግሬያችኋለሁ።