ማዘር ሞተች!

አንድ ሰው ባሕር አቋርጦ መጥቶ «በነፃ ላገልግላችሁ» ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ አስቡ። እኔ አላሰብኩም። ደግ የመሰለኝን ፈረንጅ ግቢዬ አስገብቼ፣ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ደግሞ አፍልቼ ሳጠጣው ከርሜ በመጨረሻ በእሱው አፍ ሞትኩ። አዎ፣ ይህችን ዓምድ የምትጽፍላችሁ ሴትዮ ሞታ ነበር። አንዳችሁም ለቅሶ አለመድረሳችሁን ታዝቤያለሁ...

ስሙ ፒተር ነው። የሰፈሩ ሰው «ጴጥሮስ» ብሎ እንደገና ክርስትና አነሳው። ሆሳዕና የመጣው የማኅበረሰብ ኮምፒውተር ማዕከል ሊያቋቁም ነው። ማዕከል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የእድራችን አዳራሽ ነው። በአንድ በኩል የእድሩ ድስትና ድንኳን፣ በሌላው በኩል እነሱ አገር መሥሪያ ቤቶች ሰልችቷቸው የጣሏቸው ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። «ከዓለም ጋር እናገናኛችኋለን» አሉን። መብራት ያለ ቀን እንገናኛለን፤ የሌለ ቀን ደግሞ ዓለም ትንሽ ትታገሰን!

ልጁ የተከራየው የኛን ሰርቪስ ቤት ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልዘልቅ የቀረሁ ሴት ስለሆንኩ ኮምፒውተሩን ለተማሩት ትቼ የልጁን ሆድ ያዝኩ። እናቱ እዚያ ማዶ ሆና «ምን በላ ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጥታ እንደሆነስ? «ላብህ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጣ!» «ሹራብህን ልበስ!» እለዋለሁ።

«ማዘር፣ አትጨነቂ!» ይለኛል። አማርኛ ሲያስተምሩት «እርስዎ» የሚለውን ዘለውታል መሰለኝ።

ልጄ ምሕረትም የምትለኝ ይህንኑ ነው። ሾኔ ከተማ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። «እኔ ዘንድ መጥተሽ ውለጂ» ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። «ማዘር፣ እዚህም ጤና ጣቢያ አለ፣ አትጨነቂ!» ትላለች። ወገኖቼ፣ እኔን የሚያስጨንቁኝ እኮ «አትጨነቂ» የሚሉኝ ሰዎች ናቸው!

አንድ ቀን ምሳ ላይ ፒተር «ኮምፒውተር ውስጥም ማዘር አለች» አለኝ። ማዘር ቦርድ የሚሉት ሰሌዳ ነው አሉ፤ የማዕከሉ ቴክኒሻን አሳጥሮ «ማዘር» ስለሚላት እሱም ለምዶበታል።

«ምን ትሠራለች?»

«ሁሉንም ታገናኛለች። ግን ውስጥ ናት፣ ማንም አያያትም።»

«እስክትቃጠል ድረስ?»

«አዎ! እንዴት አወቅሽ?»

«እንዴት አላውቅ ልጄ፣ ሥራዬ ነው እኮ!»

በገበያ ቀን ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ልገዛ በጠዋት ጃጁራ ሄድኩ። እኔ ቅቤ እያሸተትኩ ሳማርጥ ሆሳዕና ላይ መብራት ሄደና በጉልበት ተመለሰ። የማዕከሉ ትልቁ ኮምፒውተር ጨሰ። ፒተር አንገቱን ደፍቶ ወደ አቶ ላምቤቦ ሮጠ። አቶ ላምቤቦ የማዕከሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የእድራችን ዳኛም እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ወንበር ሲደራርብ «ልማታዊ» ነበር የሚባለው! እንግዲህ ልጁ የመጣው ወደ ሰብሳቢው ነው፤ የሰሙት ግን ዳኛው ናቸው።

«ማዘር ሞተች!» አለ ፒተር እያለከለከ።

«ምን? የምሕረት እናት?»

ልጁ ከዚህ ውስጥ የገባችው «እናት» የምትለዋ ብቻ ናት። «አዎ፣ እናት! ማዘር! ተቃጠለች!»

«የጃጁራው መኪና ነው?»

«መብራት ሄደ፣ መጣ... ጭስ! ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፣ አልተነሳችም!»

አቶ ላምቤቦ ራሳቸውን ያዙ። «አስከሬኗስ?»

«ስክሪን? ስክሪን ደህና ነው! ጠረጴዛ ላይ ነው!»

«ጠረጴዛ ላይ አጋደሟት? እኔን!»

ፒተር ሽማግሌው እንዲህ ሲያዝኑ አይቶ ጠጋ አላቸው። ሊያጽናናቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። «አትጨነቅ! ነገ ሌላ ማዘር ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ከዚህች ትሻላለች፣ አዲስ ናት!»

ይታያችሁ! ገና አፈር ሳልቀምስ! አቶ ላምቤቦ «ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል» ብለው ጡሩንባ አስነፉ። ግማሹ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመችውን እኔን ፍለጋ ሆስፒታል ሄደ። የቀረው ድንኳን ሊያወጣ ወደ አዳራሹ ገባ። ምሰሶውን ማን ተሸከመላቸው መሰላችሁ? ፒተር! ሕዝቡ ለኮምፒውተር ደረቱን ሲደቃ አይቶ እሱም ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ለላከው ድርጅት «ማኅበረሰቡ ፕሮጀክቱን የራሱ አድርጎታል» ብሎ መጻፉን በኋላ ሰማሁ። ይህን የመሰለ ውጤታማ ሪፖርት ከሆሳዕና ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ቅቤዬን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን! «ባሌን!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ዘውዴን ድምፅ ሰማሁ። ዶሮዬ ጎመኗን ከጫረች ወዲህ ሰላም ብላኝ የማታውቅ ጎረቤቴ ናት።

«ወይ የምሕረት እናት! ወይ ደጓ! ወጧ የሚጥመው!»

እግሬ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አዳመጥኩ። እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር? ጥሩ ጎረቤት፣ ጥሩ ሚስት፣ ጨዋ... በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም! «ጭቅጭቅ የማታውቅ!» ስትል ግን ባለቤቴ አቶ ሀንዲሶ ለቅሶውን አቋርጦ ሲያስል ሰማሁት።

ገባሁ። አግዳሚው ተገለበጠ፤ እትዬ ዘውዴ ሦስት ጊዜ አማተበችና ጠረጴዛ ሥር ገባች። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አ... አንቺ ነሽ?»

«ማን ልሁን? ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ!»

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ፊት ፈለግሁና አጣሁ። «ምሕረትስ? ሰምታለች?»

አንገቱን ሰበረ። «ወንድሜን በኮንትራት መኪና ሾኔ ልኬዋለሁ። "እናትሽን ትንሽ አሟታል" ብለህ አምጣት ብዬ...»

በኛ አገር «ትንሽ አሟታል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? «በጣም ታማለች» ቢላት እኮ ተስፋ ይኖራት ነበር! ወሯ የገባ ልጅ፣ በዚያ ኮረኮንች፣ እንዲህ ያለ መርዶ ይዛ! የባለቤቴን ስልክ ነጥቄ ደወልኩ። ያቺ የማትደክመው ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ከዓለም ጋር ተገናኝተናል፤ ከሾኔ ጋር ግን ገና ነን።

ነጠላዬን ሳላስተካክል በሾኔ በኩል ወደሚያስገባው መንገድ ሮጥኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ከኋላዬ! የሞተችው ከፊት፣ ቀባሪዎቿ ከኋላ። መኪናው ብቅ ሲል መሐል መንገድ ላይ ገብቼ እጄን ዘረጋሁ። ልጄ በሩን ይዛ ወረደች፤ ዓይኗ አባብጧል። ትኩር ብላ አየችኝ።

«ማዘር?»

«አለሁ ልጄ! አለሁ፣ አትጨነቂ!»

አያችሁ? እኔም አልኳት! አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳቀች፣ አለቀሰች... ከዚያ ድንገት ሆዷን ይዛ «ማዘር፣ መጣ!» አለች። ሆስፒታሉ በር ላይ አስከሬኔን አጥተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ቃሬዛ ይዘው ተቀበሉን። ማታውን ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደህና።

ያቺ አዲሷ ማዘር በማግስቱ በካርቶን ታሽጋ ከአዲስ አበባ መጣች። ባለቤቴ አገላብጦ አያትና «ድምፅ የላትም?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ገንፎ እያገነፋሁ ነበር። ልጄ እኔ ቤት ተኝታ፣ የጃጁራ ቅቤዬን እየበላች፣ ሹራብ ልበሺ ስላት እየለበሰች! በቁሜ ስለምን ከርሜ ያጣሁትን፣ ሞቼ በግማሽ ቀን አገኘሁት።

ፒተር አገሩ ከገባ ቆየ። ልጄ ሁለተኛዋን አርግዛ «አሁንስ እዚሁ ሾኔ ነው የምወልደው፣ አትጨነቂ» ብላኛለች። እኔም አልተጨነቅሁም። ትናንት ማዕከሉ ጎራ ብዬ ቴክኒሻኑን ጠየቅሁት።

«ያቺ ማዘር እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

«ትንሽም አላመማት?»