የጋሽ በዳሳ ድንጋይና የኔ ቀይ ቀለም

መጠርጠር መጥፎ ጠባይ ነው ይሉናል። የሚሉን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊያታልሉን የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እኔ የማምነው የጥንቶቹን ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው በአጭሩ ጨርሰውታል። ከገንፎ ውስጥ እንኳ ስንጥር እንደማይጠፋ ያስጠነቀቁንም እነሱው ናቸው። ገንፎ እንግዲህ ከምግብ ሁሉ የዋሁ ነው፤ ገንፎ ካልታመነ ማን ሊታመን ነው?

ይህን ጥበብ ያጠነከርኩት በመጽሐፍ ሳይሆን ብስክሌት ኮርቻ ላይ ነው። በሥራ ቀን ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስቀበልና ሳስረክብ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ጧት እናንተ ብርድ ልብሳችሁን ጠቅለል አድርጋችሁ ስትተኙ ግን እኔ ወፍራም ጎማ ያላትን ብስክሌቴን ይዤ ከገላን ኮንዶሚኒየም እወጣና፣ ከጀርባችን ባሉት ኮረብታዎች ላይ በድንጋይና በእሾህ መካከል ስንከራተት አረፍዳለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ምክር ከፈለጋችሁ ልስጣችሁ፤ ባትፈልጉም እሰጣችኋለሁ፤ ብስክሌተኛና አዲስ ሙሽራ ሳይጠየቁ መምከር ይወዳሉ። አቃቂ በሰቃ መንገድ ላይ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ካያችሁ ጥልቀቱን ከላይ ሆናችሁ አትገምቱ፤ እኔ ገምቼ እስከ ወገቤ ገብቻለሁ። የተኛ ውሻም አትመኑ፤ የሰፈራችን ውሻ የሚተኛው ብስክሌት እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ፍሬናችሁን ዛሬ ጧት በገዛ እጃችሁ አጥብቃችሁት ቢሆን እንኳ አትመኑት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልቁለትን! አቀበት ቢያንስ ጠላትነቱን አይደብቅም፤ ከሩቅ ተገትሮ «ወንድ ከሆንክ ና» ይላችኋል። ቁልቁለት ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ነው፤ ፊታችሁን በነፋስ እያሻሸ፣ ልጅነታችሁን እያስታወሰ ወስዶ ድንጋይ ላይ ይጥላችኋል።

ይህን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ አንድ ነገር ሳልጠረጥር ቀረሁ። እኔም የምጠረጠር ሰው መሆኔን።

ነገሩ የመጣው በቀለም ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የጭቃ መንገድ፣ ጋሽ በዳሳ የሚባሉ አዛውንት ግቢ ጥግ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ኮረብታው ይወጣል። ቀኙ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አፋፍ ድረስ ወስዶ ያቆማችኋል፤ ማለትም ፍሬናችሁ ከያዘ ያቆማችኋል። በጭጋግ ጊዜ ሁለቱ መንገዶች አይለዩም። አንድ ጭጋጋማ ጧት ከካባው አፋፍ ላይ በፈጣሪ ቸርነት ከተረፍኩ በኋላ፣ የቤቴን የብረት በር ቀብቼ የተረፈኝን ቀይ ቀለም ከነቆርቆሮው ይዤ ሄድኩና መታጠፊያው ላይ ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት ሳልኩ። ከዚያም እስከ ኮረብታው አናት ድረስ መንገዱ ግራ በሚያጋባበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ እየመረጥኩ ቀባሁ። ስመለስ ሥራዬን እያየሁ ራሴን አመሰገንኩት።

እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች ስለሆናችሁ እዚህ ላይ ራሳችሁን ይዛችኋል። በዚህ ከተማ አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ሰው «ማን ቀባው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «መቼ ነው የሚፈርሰው?» ነው የሚለው። ይህ እንዴት ጠፋህ ብትሉኝ፣ ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግማሽ አእምሮው እቤት ይቀራል። በዚያ ላይ ያ ትልቅ ድንጋይ የጋሽ በዳሳ የድንበር ድንጋይ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ጋሽ በዳሳ ባሕር ዛፋቸውን እየቆረጡ ነው። ለማገር እንኳ ያልደረሱ ቀጫጭን ዛፎች ናቸው። እንደወትሮዬ «አካም ጂርቱ፣ ጋሼ?» አልኳቸው፤ የኔ ኦሮምኛ እዚያው ላይ ያልቃል። ሌላ ጊዜ በአነጋገሬ ይስቁ ነበር፣ ያን ቀን አልሳቁም። መጥረቢያቸውን አስደግፈው ድንጋዩን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ተቀባን እኮ፣ ልጄ። ሳይወስዱት ልቁረጠው ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚወስደው?»

«የቀባው ነዋ!»

«ኧረ ጋሼ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ!» አልኩ እየሳቅሁ።

ሳቄ ብቻውን ቀረ። ሰውዬው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽበታቸውን ገልጠው፣ ልጃቸው ለምሆነው ለኔ፣ ጎንበስ አሉ። አሁን «ልጄ» ያሉኝ ሰው በአንድ ጊዜ አንቱ አደረጉኝ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በብስክሌት ሲመጡ ጊዜ መች አውቄ። ማን ነው የላከዎት?»

«ማንም አላከኝም።»

«ደሞዙንስ ማን ነው የሚከፍል?»

«ደሞዝ የለውም።»

«ታዲያ ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ለሌለበት ነው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚወጡት?»

«ወጥቼ እወርዳለሁ፣ በቃ። ምንም አይደለም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ፣ በትሕትና፣ «ለውሸትም ወግ አለው» አሉኝ።

ወሬው ከብስክሌቴ ፈጠነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ መንዳቴ የሚያሳስበው ውሾቹን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ሄልሜቴ የኢንጂነር ቆብ፣ መሪዬ ላይ ያሰርኳት ስልክ የመሬት መለኪያ ሆነች። ውሃ ልጠጣ ስቆም ወንበር ይወጣልኛል። አረፍ ብዬ ካባው የት እንደሆነ ስመለከት «እያየ ነው፣ እያየ ነው» የሚል ሹክሹክታ ከአጥር ኋላ እሰማለሁ። አንዱ ጎረቤት እርጎ ጋብዞኝ ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ምልክቷን እንዲያው ትንሽ ወደዚያኛው ሰውዬ አጥር ባስጠጋት ደግነት መሆኑን አስረዳኝ። አይደለሁም ባልኩ ቁጥር ነኝ ማለቴ ሆነ። ለባለቤቴ ብነግራት ትስቃለች ስል፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «ምን ያድርጉ?» አለችኝ። «እኔ ያገባሁህ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥቶ መውረድ ብቻ ነው ስትለኝ አምኜህ አላውቅም።»

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነበር። ሳቁ ያለቀው ጋሽ በዳሳ ሊሸጡ መሆኑን ስሰማ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሚዞር አንድ ደላላ አለ፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ሁልጊዜ ቅቤ የተቀባ። ቀለሙን ባየ ማግሥት መጥቶ «አባባ፣ ተቀብታችኋል፣ አለቀ» አላቸው። ስለ ቀለሙ ያልሰማ አንድ ገዢ አለኝ፣ ሳይሰማ ቶሎ እንጨርስ፣ ዋጋው ግን የተገኘው ነው፣ ሜዳ ላይ ከመቅረት ይሻላል አላቸው። ሰኞ ሊፈራረሙ ነው። ግቢዋ እንግዲህ የጭቃ ቤት፣ ጥቂት በግና የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ጉቶ ናት፤ ለጋሽ በዳሳ ግን የቀረቻቸው መሬት እሷ ብቻ ናት።

«ከዚያስ የት ይገባሉ?» አልኳቸው።

«ሳሪስ አቦ፣ ልጄ ዘንድ። ተከራይታ ነው ያለችው፣ አንድ ክፍል ናት። መጋረጃ እንጋርዳለን።»

ከበር የተረፈ ቀለም አንድ ሽማግሌን ከቤታቸው ሊያስወጣ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። በልጆቼ ስም ማልኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔን አይመኑኝ» አልኩ። «ቀለሙን ተከትለው ከኔ ጋር ይውጡ። መጨረሻው ላይ ችካል ካለ፣ ካርታ ካለ፣ ሰው ካለ፣ በዓይንዎ ያዩታል።»

ይህን ወደዱት። የሚጠረጥር ሰው ማየት ይወዳል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

እሳቸው በከዘራ፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣን። መንገዱ እሳቸው በልጅነታቸው ከብት የነዱበት ስለሆነ፣ ቀስቶቼን እያለፉ በአቋራጭ ይወጡና ላይ ሆነው ይጠብቁኛል፤ እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ተነስተው ይሄዳሉ። አናቱ ላይ ስንደርስ ዐረፍ አላሉም። ችካል ፍለጋ ከየድንጋዩ ኋላ ዞሩ። የሣሩን ሥር በከዘራቸው ገላለጡ። ምንም የለም። ነፋስ፣ ድንጋይና የደረቀ ኩበት ብቻ።

ከዚያ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ላይ የቃሊቲ ኮንቴይነሮች፣ የፋብሪካ ጣሪያዎች፣ የእኛ ኮንዶሚኒየም ተደርድረው ይታያሉ።

«ያንተ ቤት የትኛው ነው?» አሉኝ። አንቱታው ሳላውቅ ወርዷል።

አሳየኋቸው። ከዳር ሦስተኛው ሕንጻ።

«እሱጋ ሽምብራ ነበር የምንዘራ» አሉ። «ጤፉ ከዚያ ወዲያ፣ ውሃ ታንከሩ ያለበት ነው። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ መልካም ሰው ነበር፣ ልክ እንዳንተ። ከአጥሩ ዳር ቆሞ ሲያይ አባቴ ምን ፈለግህ ቢለው፣ ምንም አባባ፣ ምንም አይደለም፣ እንዲያው ለማየት ነው አለ።»

አፈርኩ፣ አዘንኩም። እኔ ቤቱ ሲደርሰኝ እልል ያልኩ ሰው ነኝ፤ ከመኝታ ቤቴ ወለል በታች የማን ሽምብራ እንዳለ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። «ምንም» የምትለዋን ቃል እንዲያ ደጋግሜ ፊታቸው ላይ ሳፈስ ምን ትሰማቸው እንደነበር አሁን ገባኝ።

ወንድ ልጅ ሲያፍር የሚያደርገውን አደረግሁ። ጉራ። «እንግዲህ ይኸው፣ ሥራዬ ይህ ነው፣ ይመልከቱኝ» ብዬ ብስክሌቴ ላይ ዘለልኩና ቁልቁለቱን ለቀቅሁት። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ነፋሱም ነበር፣ ልጅነቱም ነበር። ቀጥሎ የፊት ጎማዬ በለቀቀ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ እኔ ከመሪው በላይ ወጣሁ፣ ብስክሌቷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን።

ጋሽ በዳሳ ሲደርሱ እሾህ እየለቀምኩ ነበር። መጀመሪያ «ተሰበርክ ወይ?» አሉኝ፤ አለመሰበሬን ሲያረጋግጡ ሳቁ። ከዘራቸውን ጥለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሳቁ።

«አንተ እብድ ነህ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እውነትህን ነው፣ ማንም አላከህም። የተላከ ሰው መኪና ይሰጠዋል እንጂ እንዲህ ይውደቅ ተብሎ አይለቀቅም!»

እንዲህ ታመንኩ። መሐላ ያልቻለውን አጋም ቻለው።

ሰኞ የሆነውን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ደላላው ገዢውን በመኪና ይዞ መጣ። ጋሽ በዳሳ ገዢውን በእጁ ይዘው በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ወሰዱትና «ልጄ፣ እግዜር ያየኛል፣ የተቀባ መሬት ሳልናገር አልሸጥልህም፣ ተመልከት» አሉት። የገዢው ፊት ከቀለሙ ቀላ። ደላላው በዚህ ጊዜ ብልሃቱ ጠፍቶበት «ኧረ ጌታዬ፣ ምንም አይደለም! እኔ ወረዳ ድረስ ጠይቄ አጣርቻለሁ፣ ማንም አያውቀውም!» ብሎ ጮኸ። ለካ ደላላው ቀለሙ የመንግሥት አለመሆኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ገዢው ግን የከተማ ልጅ ነው፤ «ምንም አይደለም» የሚለውን ሲሰማ ጊዜ ሌላ ነገር አላዳመጠም፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ደላላውም በእግሩ ተከተለው።

እኔ ነጭ ጋዝና ጨርቅ ይዤ ቀለሙን ላጠፋ ሄድኩ። ጋሽ በዳሳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ንካውና!» አሉ። «ይኸ ምልክት ከተሳለ ወዲህ ከዚያ ከአንዱ በቀር መሬት ሽጡ ብሎ በሬን ያንኳኳ ደላላ የለም። በፊት በቀን በቀን ነበር።» ጋዜን ይዤ ተመለስኩ።

ሰፈር ደግሞ ሰፈር ነው። የጋሽ በዳሳ ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ከአጥር አጥር ሲዞር ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ጧት በጭጋጉ ውስጥ ስደርስ ያልቀላ ነገር አልነበረም። ድንጋዩ ቀልቷል፣ የአጥሩ ቋሚ ቀልቷል፣ አንድ ሰው የውሻ ቤቱን ሳይቀር ቀብቶታል። ገሚሱ ቀስት ነው፣ ገሚሱ መስቀል፣ ገሚሱ እንዲሁ ከልብ የፈሰሰ ቀለም። ቀስቶቹ ወደ ግራም፣ ወደ ቀኝም፣ ወደ ሰማይም ያመለክታሉ። የራሴን ከሰው ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።

ቆሜ ስወዛገብ ሣር የተሸከመች ሴት ከጭጋጉ ወጣች። «እህቴ፣ ወደ ኮረብታው የትኛው ነው?» አልኳት።

ከሄልሜቴ እስከ ጎማዬ አየችኝ። «ላይ ምን አለ?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። «ሥራ ነው» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው በራ። መንገዱን በእጇ አሳየችኝና ሸክሟን እያስተካከለች «ሥራ ከሆነማ» አለች፣ «የኛ ግቢ ሳይቀባ ቀርቷል፣ ሲመለሱ ይቀቡልን።»

ቀለሙ አልቆብኛል አልኳት። አላመነችኝም።