የጀርባና የወገብ ድንበር

መርካቶ ውስጥ ቃል የሚያርም ሰው የሌለበት የሱቅ ተራ የለም። ሲኒማ ራስ አጠገብ ላለው የፍራሽ ተራ የደረሱት ደግሞ የጀርባና የወገብ ድንበር ጠባቂ፣ ክቡር ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው።

ፍራሽ ሊገዛ የሚመጣ ሰው፣ ከሙሽሮች በቀር፣ “ወገቤን አሞኝ” ሳይል አይገባም። ጋሽ ኃይለየሱስም የሚጠብቁት ይህችኑ ነው። “አፍህን ተወውና በጣትህ አሳየኝ” ይላሉ። ሰውየው እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ከትከሻው ሥር ሊነካ ሲንጠራራ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። እሱማ ጀርባ ነው። ወገብ መቀነት የሚታሰርበት ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ትከሻ ድረስ ጀርባ ነው፤ በጎን በኩል ከመጨረሻዋ ጎድን እስከ ዳሌ ያለው ደግሞ ሽንጥ ነው። ይህን ሽንጣቸውን ገትረው አስረድተው ሲጨርሱ ገዢው ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

አንድ ጊዜ ሥጋ ቤት ገብተው ሽንጥ አዘዙ። ባለ ሥጋው የቆረጠው አላማራቸውም። ትክክለኛውን ቦታ በራሳቸው ገላ ላይ እየነኩ ሲያሳዩት አጠገባቸው ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰውዬ ቢላውን አስቀምጦ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የምትኖረው በድሪያ ናት። ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ሱቋን ከእሳቸው ሱቅ የሚለየው አንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስለ አንድ ደንበኛዋ በስልክ ስታማርር “ጀርባውን ሰጠኝ” አለች። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ “ሰጠሽ? የት አስቀመጥሽው?” የሚል ድምፅ መጣ። ያን ዕለት ሌላ ሱቅ እንዲያገኝላት ለአንድ ደላላ ደወለች።

ከዚያ ጋሽ ኃይለየሱስ ወደቁ። ፍራሽ ሊያወርዱ መሰላል ላይ ወጥተው እግራቸው ከዳቸውና ከትከሻቸው ሥር ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተላተሙ። ዕድሜ ልኩን ሲያርም የኖረ አፍ ያን ጊዜ “ወይኔ ወገቤን!” ብሎ ጮኸ። ተራው በሙሉ ሰማ። ሊያነሳቸው የሮጠው ሁሉ እጃቸው የት ላይ እንዳለ አየ።

አጥንታቸው ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ማንም አልሳቀም። ከታወቀ በኋላ ግን ተሸካሚው ሳይቀር ትከሻውን ይዞ “ወይኔ ወገቤን” እያለ ማለፍ ጀመረ።

ሐኪሙ ተነሥተው መሥራት ይችላሉ ቢልም ሱቁ አልተከፈተም። ባለቤታቸው እትዬ አበራሽ አንድ ጠዋት መጥተው ለበድሪያ አጫወቷት። ሕመሙስ ለቋቸዋል፤ ያልለቀቃቸው እፍረቱ ነው። ሱቁን እንዲያከራይላቸው ደላላ አናግረዋል።

በድሪያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ገብታ ወገቧን ብርድ እንደመታትና ወፍራም ብርድ ልብስ እንደምትፈልግ ነገረቻት። በድሪያም ሳታስበው “አፍሽን ተዪውና በጣትሽ አሳዪኝ” አለች። ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ደነገጠች። ሰውየው ናፍቀዋታል።

ሱቋን ዘግታ፣ ብርቱካን ገዝታ፣ አማኑኤል ወዳለው ቤታቸው ሄደች። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

“ጋሼ፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ‘ጀርባዬን’ ነው ያሉት” አለች። ወላሂ ልትል ብላ ዋጠችው።

“ወገቤን ነው ያልኩት” አሉ፣ ግድግዳውን እንዳዩ።

“ጀርባዬን ነው ያሉት።”

ዞሩ። በእሳቸው አፍ የወጣውን እሷ ልትነግራቸው እንዴት እንደምትደፍር ጠየቋት። ተሳስተዋል፣ ሰው ሲደነግጥ እንደሚሳሳተው ተሳስተዋል፤ ስህተትን ሐቅ ነው ማለት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። በድሪያ ፍንክች አላለችም። እትዬ አበራሽ በሩ ላይ ቆመው ባላቸው ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

“ነገ ተራው መሀል አቁሜ አስመሰክርብሻለሁ” አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ።

በማግሥቱ በድሪያ ቀድማ ገባችና በየሱቁ ዞረች። ጋሽ ኃይለየሱስ ደርሰው ምስክር ሲጠሩ ተራው አንድ ቃል ሆነ፤ “ጀርባዬን ነው ያሉት።” ተሸካሚው ሳይቀር መሰከረ። ብቻቸውን ቀሩ። ጥፋተኛ መሆናቸውን የሚያምንላቸው አንድ ሰው ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ሲከራከሩ ረፈደ።

ደላላው ተከራይ አስከትሎ የደረሰው ያኔ ነው። ሱቁን እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። ጋሽ ኃይለየሱስ ለክርክሩ ቸኩለው ነበርና ጀርባቸውን ሰጡት።

በድሪያ የት እንደሚያስቀምጠው አልጠየቀችውም።