የአቶ በራሶ በቅሎ

መቼም ሆዱን ቁርጠት የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለመሆኑ የማን እምነት ተከታይ ነህ?» ብሎ ሻጩን አይጠይቅም። ክኒኑን ተቀብሎ ይውጣል። እኔም ቅዱሱን መጽሐፍ የማነበው እንዲያ ነው። «ሳታምን ምን ቤት ነህ?» ትሉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ደግ ነገር አለበታ!

በጃንሆይ ጊዜ ይርጋጨፌ አስተማሪ ሳለሁ፣ የበልግ ዝናብ ቤት ሲዘጋብኝ አከራዬ ዘንድ የነበረው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር። አንዲት ሕግ ያገኘሁት እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከነጭነቷ ወድቃ ብታይ ጥለህ አትለፍ፣ አብረኸው አንሣት ትላለች። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ እኮ። ሰውየውን ውደደው አላለችም፤ እመንም አላለችም። አንሣ፣ አለቀ። መውደዱም ማመኑም ቢያቅተኝ ማንሣት አያቅተኝም። ለእኔ የተጻፈች መሰለችኝ።

የሚጠላኝ ሰው ደግሞ አላጣሁም። የኮንጋ መንደሩ አቶ በራሶ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው። መምህሩ አይጸልይም የሚል ወሬ የደረሳቸው ዕለት ልጃቸውን ከክፍሌ አወጡ። ገበያ ላይ ሲያዩኝም ሰይጣን እንዳየ ሰው መንገድ ይቀይራሉ።

አንድ ቅዳሜ በኮንጋ መንገድ ጭቃውን እያቦካሁ ስሄድ፣ የአቶ በራሶ በቅሎ ቡና እንደተጫነች ቦይ ውስጥ ወድቃለች። ውኃው አንገቷ ደርሷል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አቶ በራሶ ብቻቸውን ጆንያ ይጎትታሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። ሕጓ በአካል መጣችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ።

«አንተ እንዳትነካ» አሉ። «እግዜር የማያውቅ እጅ የኔ ከብት አይነካም።»

«አባቴ፣ መጽሐፉ እኮ አንሣ ይላል።»

«እሱ ላመነ ሰው ነው የተጻፈው።»

«እንግዲያው ማመኑን እርስዎ፣ ማንሣቱን እኔ፤ እንካፈል።»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጆንያቸውን መጎተት ቀጠሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በእኛ ነገር በቅሎዋ ልትሞት ነው። አፍንጫዋ ውኃ ሲነካ አቶ በራሶ አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«ጆንያውን በዚያ በኩል ያዘው» አሉ።

መጫኛውን በጥሰን ጆንያውን ጣልነው። እኔ በአንገቷ፣ እሳቸው በጅራቷ ገፋን፣ ሳብን፣ ተንሸራተትን፤ ቆመች። ቆማም ተራገፈችና ጭቃዋን በሙሉ እኔ ላይ ረጨችው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አቶ በራሶ እዚያው ተንበርክከው፣ መልአክ ስለላከላቸው ፈጣሪያቸውን ረጅም ምስጋና አመሰገኑ። እኔ ልጓም ይዤ ቆምኩ። አሜን ብለው ሲነሡ «አባቴ፣ መልአክ እንኳ አይደለሁም» ብላቸው ወይ ፍንክች።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ክፍሌ ድረስ አመጧት። ሰይጣን አይደለሁም ብዬ ያላሳመንኳቸውን ሰው፣ መልአክም አይደለሁም ብዬ ልከራከራቸው? ተቀብዬ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ልጅቷ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበረች።